ከመሠረታዊ ቴክኒክ ወደ ከባዱ መቼ እንሸጋገር? (ጁዶ፣ ጂዩ ጂትሱ፣ ትግል)

የሽምብጥ ሠልጣኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንለማመደው ባሕር ዳር ነው፤ በበጋ ማለዳ ጣና ዳር ሣሩ ላይ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ በኪራይ አዳራሽ ውስጥ። ቡድናችን ትንሽ ነው። ገሚሱ ከጁዶ የመጣ፣ ገሚሱ በጂዩ ጂትሱ የጀመረ ሲሆን ጥቂቶቹ ደግሞ በባህል ትግል ያደጉ ልጆች ናቸው። አሠልጣኛችን ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ስለሚመላለስ ብዙውን ጊዜ እርስ በርሳችን ነው የምንሠራው።

አሁን ለሁለት ተከፍለናል። አንዱ ወገን «አወዳደቅና ከሥር ማምለጥ ስንደጋግም ዘመናችን አለቀ፤ ወደ እግር ቁልፍና ዘልሎ ክንድ ወደ መቆለፍ እንለፍ» ይላል፤ ቁልፍ የምንለው መገጣጠሚያን ይዞ ተጋጣሚን እጅ ማሰጠት ነው። ሌላው «ገና ከሥር መውጣት ያቃተን ሰዎች ወዴት ነው የምናልፈው?» ብሎ ይመልሳል። ትናንት ከልምምድ በኋላ ባጃጅ እየጠበቅን መንገድ ዳር ቆመን ስንከራከርበት መሸ። የምጠይቀው ይህን ነው፦ መሸጋገሪያው በጊዜ ይለካል? በቀበቶ ይለካል? ወይስ ሌላ ምልክት አለው? ልምድ ያላችሁ በዝርዝር ብትጽፉልን ሁላችንም እናነበዋለን።

ነባር ጁዶኛ

ወንድሜ፣ በጊዜም በቀበቶም ብቻ አይለካም። ነገር ግን መለኪያውን ከመናገሬ በፊት፣ ቅደም ተከተሉን ያወጡት ሰዎች ምን እንዳደረጉ እንይ።

የጁዶ መሥራቹ ጂጎሮ ካኖ ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት ቶኪዮ ውስጥ የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ውርወራዎቹ በአምስት ምድብ ተከፍለው የተደራጁት በ1895 ሲሆን፣ በ1920 ተሻሽለው በየምድቡ 8፣ በድምሩ 40 ሆኑ። በመጀመሪያው ምድብ ኦሶቶ ጋሪ (እግርን ከውጭ ጠልፎ ወደ ኋላ መጣል) እና ሴኦይ ናጌ (በጀርባ አዝሎ መወርወር) አሉ። ኡቺ ማታ (በእግር የተጋጣሚን ጭን ከውስጥ አንሥቶ መጣል) በሁለተኛው ነው። የዓለም ሻምፒዮናንና ኦሊምፒክን የተከታተለ ሰው ይመስክር፤ ታላላቅ ተጋጣሚዎች የሚወድቁት በብዛት በእነዚሁ አይደለምን? ቴዲ ሪነር በከባድ ሚዛን ለዓመታት ሲነግሥ የሚታወቅበት ኦሶቶ ጋሪ ማንኛውም ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያየው ነው። አምስተኛው ምድብ ውስጥ ያሉትን ዮኮ ዋካሬን ወይም ዮኮ ጉሩማን ግን በትልቅ ውድድር የምናያቸው ከስንት አንዴ ነው።

ስለዚህ ዕድገት የሚባለው አብዛኛው ነገር የሚገኘው እዚያው የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ነው። ሴኦይ ናጌን እንመልከት። ጀማሪው የተጋጣሚውን እጅጌ ወደ ታች ይጎትታል። ተጋጣሚው ክብደቱን ተረከዙ ላይ እንደጣለ ይቀራል፤ ጀማሪው ደግሞ ያንን ሁሉ ሸክም በጀርባው ለማንሣት ይንገታገታል። የበሰለው ሰው ግን ክርኑን ከፍ አድርጎ፣ ሰዓቱን እንደሚያይ ሰው አንጓውን ወደ ራሱ አዙሮ፣ እጅጌውን ወደ ላይና ወደ ፊት ይስባል። ያኔ ተጋጣሚው በእግሩ ጣቶች ይቆማል። ወርዋሪው ዞሮ ሁለት እግሮቹን በተጋጣሚው እግሮች መካከል ያሳርፋል፤ ጉልበቱን አጥፎ ወገቡን ከተጋጣሚው ቀበቶ በታች ያስገባል። ከዚህ በኋላ የቀረው ጎንበስ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓይን ጨፍኖ እስኪከፍት ባለው ጊዜ ነው። ታዲያ ይህ መሠረታዊ ነው ወይስ ከባድ?

የእኔ መለኪያ ይህ ነው። ምን ልትሠራ እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ፣ በክብደትም የሚመጣጠንህ ሰው በነጻ ፍልሚያ ከልቡ እየተከላከለህ ያንኑ ቴክኒክ ትሠራበታለህ? ከሠራህበት፣ ከዚያ ቴክኒክ ቀጥሎ ያለውን ለመማር ደርሰሃል። ካልሠራህበት አዲስ ቴክኒክ ብትጨምርም ክፍተቱ አይሞላልህም። በጂዩ ጂትሱም ቢሆን ሮጀር ግሬሲ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ሻምፒዮናውን ያሸነፈው ደረት ላይ ተቀምጦ ኮሌታውን በሁለት እጅ አጣምሮ በማነቅ ነው። ያንን ማነቂያ ነጭ ቀበቶ ያሠረ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱ የገጠማቸው ጥቁር ቀበቶዎችም እየመጣ እንደሆነ ያውቁ ነበር። አላዳናቸውም።

ዓባይ ማዶ

የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል። ከጋሼ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። መጀመሪያ መውደቅን፣ ቀጥሎ ማምለጥን፣ ከዚያ መያዝን መማር ይቅደም። ሌላው ሁሉ ይደረስበታል።

ፔዳ ግቢ

ጋሼ፣ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ስለ ሴኦይ ናጌ ያሉትም ትክክል ነው። በአንድ ነገር ግን አልስማማም። መሰላሉን በቅደም ተከተል መውጣት ግዴታ ነው የሚለው ሐሳብ ከሰው ልጅ አማማር ጋር የሚሄድ አይመስለኝም።

አንደኛ፣ ሰው አንድን መከላከያ ከልቡ የሚማረው ጥቃቱን ሲያውቅ ነው። የእግር ቁልፍ የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ ልጅ፣ ከላይ ሆኖ ሲቆጣጠር እግሩን በተጋጣሚው ብብት አጠገብ ዘርግቶ ይተወዋል። «እግርህን ሰብስብ» ብላችሁ መቶ ጊዜ ብትነግሩት ለምን እንደሆነ አይገባውም። አንድ ጊዜ በዝግታ ተይዞ ሲያየው ግን ማንም ሳይነግረው ይሰበስባል። ከሌላ ከተማ የሚመጣ ተጋጣሚም እናንተ ያልተማራችሁትን አይሠራባችሁም ብሎ ቃል የገባላችሁ የለም።

ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተሉ የሚለያየው በስፖርቱ ዓይነት ነው። የነጻ ትግል ልጆች ገና ሲጀምሩ የሚማሩት ሁለት እግር ይዞ መጣልን ነው፤ ጆርዳን ቡሮውስም እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ የ74 ኪሎ ወርቅ ሲወስድ የሚፈራው በዚያው ነበር። ዛሬ ግን ያንኑ አያያዝ በጁዶ ውድድር ብትሠሩት ትቀጣላችሁ፤ እግርን በእጅ መያዝ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ እየተገደበ መጥቶ በ2013 ጨርሶ ተከልክሏል። ጂዩ ጂትሱ የሚማረው ደግሞ ከመቆም በፊት መሬት ላይ ይጀምራል። ታዲያ የማን ቅደም ተከተል ነው ትክክለኛው? የጂዩ ጂትሱ አሠልጣኙ የጆን ዳናሐር ተማሪዎች የእግር ቁልፍን የመጨረሻ ጌጥ ሳያደርጉ ከዋናው ትምህርት ጋር አብረው ስለያዙት ነው ሌሎቹን የቀደሙት። ከእነሱ አንዱ የሆነው ጎርደን ራያን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በአቡ ዳቢ ኮምባት ክለብ ሻምፒዮና ደጋግሞ ያሸነፈ ነው።

ሦስተኛው ለእኔ ዋናው ነው። እዚህ ከተማ ስንት ጥሩ ልጅ ጀምሮ እንዳቆመ አስቡት። ያቆሙት ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ከሥራ ወይም ከትምህርት ደክሞት መጥቶ፣ ወራትን ሙሉ ያንኑ መገለባበጥ ብቻ የተሰጠው ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ትንሽ የሩቁን ቢያሳዩት ቅርቡን በትዕግሥት ይሠራል። ዓባይ ማዶ፣ ወንድሜ፣ የቸኮለ የለም። የምለው ሁለቱ አብረው ይሂዱ ነው።

የጉልበት ነገር

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ትርፍ ሰዓቴን ምንጣፍ ላይ አሳልፋለሁ። ክርክሩን ሳነብ ቆይቼ አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም፤ «ከባድ ቴክኒክ» እያላችሁ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ከታችኋል። አንዳንዱ ከባድ የሚባለው ለመማር አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። አንዳንዱ ግን ለመማር ቀላል ሆኖ ለተጋጣሚው አካል አደገኛ ነው። የመጀመሪያውን ዛሬ ብትሞክሩት የምታጡት ጊዜ ነው። ሁለተኛውን ያለ ዝግጅት ብትሞክሩት የጓደኛችሁን ጉልበት ልታሳጡት ትችላላችሁ።

ክንድን በመዘርጋት የሚቆለፈውን ቁልፍ አስቡ። ክርን ከመጠን በላይ ከመዘርጋቱ በፊት ሕመሙ ቀድሞ ይመጣል፤ ሰውየው ተጋጣሚውን ወይም ምንጣፉን በእጁ መትቶ «በቃ» ለማለት ጊዜ አለው። ተረከዝን በክንድ አቅፎ በመጠምዘዝ የሚሠራው ሂል ሁክ ግን ሌላ ነው። የሚያዘው ተረከዝ ነው፤ የሚጎዳው ጉልበት ነው። ተረከዝ ሲጠመዘዝ ቅልጥሙ አብሮ ይዞራል፤ ጭኑ ደግሞ በተጋጣሚው እግሮች ተጠፍንጎ ስለተያዘ መዞር አይችልም። ያ ሁሉ ጥምዘዛ ጉልበት ላይ ይጠራቀማል። ጉልበት መታጠፍና መዘርጋት እንጂ መዞር ብዙ አይሆንለትም። በጎንና በመካከል ያሉት ጅማቶች፣ በአጥንቶቹ መካከል ያለውም ለስላሳ አጥንት በቂ ሕመም ሳይሰማ ሊቀደዱ ይችላሉ። ሠልጣኙ «ገና አላመመኝም» እያለ ነው የሚጎዳው። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት፣ ወደ እንዲህ ዓይነት ስፖርት ለመመለስ ብዙውን ጊዜ 9 ወርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። እዚህ ያለን አብዛኞቻችን በእግራችን ሠርተን የምናድር ሰዎች መሆናችንንም አትርሱ።

ዓለም አቀፉ የብራዚል ጂዩ ጂትሱ ፌዴሬሽን ሕግ ይህንኑ ያሳያል። ቀጥ ያለው የቁርጭምጭሚት ቁልፍ ለአዋቂ ነጭ ቀበቶ ጭምር ይፈቀዳል። ጉልበትን በመዘርጋት የሚቆለፈው ለቡናማና ለጥቁር ነው። ሂል ሁክ ግን የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሆን፣ እሱም ያለ ኪሞኖ (ያለ ወፍራሙ የልምምድ ልብስ) በሚደረገው ውድድር ለቡናማና ለጥቁር ቀበቶ አዋቂዎች ብቻ ነው። ጁዶም የራሱን ጠባሳ ይዟል። ታላቁ ያሱሂሮ ያማሺታ እ.ኤ.አ. በ1980 በጃፓን ሻምፒዮና ላይ በካኒ ባሳሚ፣ ማለትም በሁለት እግር ከጎን ቆርጦ በሚጥለው ውርወራ፣ የቅልጥሙ ቀጭን አጥንት ተሰብሯል። ያ ውርወራ ዛሬ በውድድር የተከለከለ ነው። ያማሺታን ያህል ሰው መውደቅ አያውቅም ነበር የሚል የለም።

ፔዳ ግቢ፣ «ካላወቀው አይከላከለውም» ያልከውን እቀበላለሁ። ማወቅና በነጻ ፍልሚያ መጠቀም ግን ለየብቻ ይሁኑ።

የመስክ ልጅ

እኔ ያደግሁት ጎጃም ገጠር ከብት እየጠበቅሁ ነው። ግብ ግብ ስንገጥም ማንም መሠረታዊ ነው፣ ከባድ ነው ብሎ አልለየልንም። ወገብ ለወገብ እንያያዛለን፣ ጠልፈን እንጥላለን፣ እንወድቃለን፣ ተነሥተን እንደገና እንገጥማለን። ከታላላቆቻችን የምናየውን ዕለቱን እንሞክራለን። ሣሩ ለስላሳ ነው፣ ልጅም ቀላል ነው፤ ብዙ ጉዳት አላየሁም። ስለዚህ ሙሉውን ጨዋታ ከመጀመሪያው መቅመስ ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ ለእኔ እንግዳ አይደለም።

ነገር ግን ከተማ ገብቼ አዳራሽ ስጀምር ያስተዋልሁትን ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ፤ ጨዋታው እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ቆሜ ሚዛኔን የሚያስተኝ ሰው ጥቂት ነበር፤ መሬት ላይ ከወደቅሁ በኋላ ግን ምንም የማላውቅ ሕፃን ነኝ። አሠልጣኙ ይህን ስላየ ቆሜ ከነባሮቹ ጋር፣ መሬት ላይ ከጀማሪዎቹ ጋር ያሠራኝ ነበር። እናንተም ቡድን ውስጥ በባህል ትግል ያደጉ አሉ ብላችኋልና ይህን አስቡበት። አንድ ሰው ሙሉ በሙሉ ጀማሪ ወይም ሙሉ በሙሉ ነባር ላይሆን ይችላል። ትግል የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ከሚያወዳድራቸው አንዱ ነው፤ ያንን ይዞ የመጣን ልጅ ነጭ ቀበቶ ነህ ብላችሁ ያለውን ዕውቀት አትናቁበት።

የሁለት ልጆች እናት

እንደምን ዋላችሁ። ስፖርተኛ አይደለሁም፤ የ13 ዓመት ልጄ ግን ጁዶ ትማራለች፣ በጣምም ትወደዋለች። ሰሞኑን ቤት ውስጥ ከስልክ ላይ ያየችውን ማነቂያ ታናሽ ወንድሟ ላይ ስትሞክር አገኘኋት። ከልምምድ ጓደኞቿ ጋር ሆነው እንዳዩት ነገረችኝ። ላስቆማት ልቤ አይፈቅድም፤ ዝም ብዬም ማለፍ አልቻልሁም። በእሷ ዕድሜ ምን ቢማሩ ነው ልክ የሚሆነው?

ነባር ጁዶኛ

እህቴ፣ ደግ አደረጉ መጠየቅዎ። ስለ ማነቂያው መልሱ አጭር ነው፤ ቤት ውስጥ፣ ያውም በታናሽ ልጅ ላይ ፈጽሞ አይሞከርም። አንገት ላይ የሚያልፉት የደም ሥሮች ሲጨፈለቁ ሰው ራሱን ለመሳት 10 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል፤ ሕፃን ደግሞ መቼ «በቃ» ማለት እንዳለበት አያውቅም። ለአሠልጣኟም ይንገሩት፤ ማወቅ ያለበት ነገር ነው። የእግር ቁልፍም ቢሆን በብራዚል ጂዩ ጂትሱ ፌዴሬሽን ውድድር ከ16 ዓመት በታች ላሉ አይፈቀድም።

እግረ መንገዴን ሁላችሁም እንድታዩት የምፈልገው ነገር አለ፤ ከላይ ለጻፍሁትም ማረሚያ ይሁን። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1983 ወዲህ ባሉት ሠላሳ ገደማ ዓመታት በትምህርት ቤት ጁዶ ከ100 በላይ ልጆች ሞተዋል። አብዛኛው ጉዳት የጭንቅላት ነበር፤ ብዙዎቹም ገና ጀማሪዎች ነበሩ። ተደጋግሞ ስሙ የሚነሣው ውርወራ የትኛው ይመስላችኋል? ኦሶቶ ጋሪ ነው። የመጀመሪያው ምድብ ውርወራ! ወደ ኋላ የሚጥል ስለሆነ፣ አገጩን ወደ ደረቱ መሰብሰብ ያልለመደ ልጅ ማጅራቱን ይመታል። ለወርዋሪው ቀላል የሆነው ለወዳቂው ቀላል ላይሆን ይችላል። ለልጅዎ አሁን የሚያስፈልጋት ወደ ኋላ፣ ወደ ጎንና ወደ ፊት መውደቅን ሳታስብ እስክትሠራው ድረስ መለማመድ ነው። አሠልጣኟ ለዚያ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ልብዎ ይረፍ።

የሁለት ልጆች እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ሄጄ አነጋግረዋለሁ።

አሠልጣኝ ከግሽ ዓባይ

ነባር ጁዶኛ አሁን የጻፉት ነገር የክርክሩ ቁልፍ ስለሆነ ከዚያ ልነሣ። ስለ ሽግግር ስንነጋገር ሁላችንም ስለሚሠራው ሰው ነው የምናወራው፤ የሚሠራበት ሰው ግን ዝግጁ ነው ወይ? እንደ ቶኪዮ ባለ ከተማ ያለ ሠልጣኝ ሲበረታ ከእሱ የበረቱ ብዙ ጓዶች ያገኛል። ባሕር ዳር ግን ዛሬም ነገም የምትገጥመው ያንኑ ልጅ ነው። እሱ መውደቅ ካልቻለ የአንተ ኦሶቶ ጋሪ አያድግም። እሱ ከሥር መውጣት ካልቻለ የአንተ ቁጥጥር በሐሰት ጥሩ ይመስላል። እሱ እጁን በጊዜው መምታት ካልለመደ የእግር ቁልፍ ልትማርበት አይገባም። የትንሽ ቡድን ሽግግር የጋራ ነው። አንዱ ብቻውን ሮጦ የሚደርስበት ቦታ የለም።

እኔ የማየውን ምልክት በዝርዝር ልናገር። ቀለል ያለውን ልጅ ከሥር አድርጌ ከበድ ያለውን በጎን በኩል ደረቱ ላይ አስተኛዋለሁ፤ ከላይ ያለው ከልቡ እንዲጫን እነግረዋለሁ። ከዚያ ዓይኔን የምጥለው ከሥር ባለው ልጅ ክርን ላይ ነው። ያልደረሰ ልጅ ሁለት እጁን ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ ከላይ ያለውን ሊገፋ ይሞክራል። እጁ እንደተዘረጋ ክንዱን ለቁልፍ ሰጠ ማለት ነው፤ ትንፋሹም ወዲያው ያልቃል። ከፍ ያለው ክርኑን ከጎኑ አይለይም፤ አንዱን የክንድ አጥንት በተጋጣሚው አንገት ሥር፣ ሌላውን በዳሌው ላይ አጋድሞ ክፍተቱን ይጠብቃል። ከዚያ በትከሻው ድልድይ ሠርቶ ተጋጣሚውን ትንሽ ያነሣል፤ ክብደቱ በተነሣበት ቅጽበት ወገቡን ያሸሽና ጉልበቱን በመካከል ያስገባል። ላይወጣ ይችላል። መውጣቱን አልቆጥርም። የምቆጥረው ሲከሽፍበት ሳይደናገጥ፣ በአፍንጫው እየተነፈሰ፣ ያንኑ እንደገና መጀመሩን ነው። እኔ ምንም ሳልናገር፣ ደክሞትም ሳለ ይህን ሲያደርግ ካየሁ ቀጣዩን በር እከፍትለታለሁ።

ፔዳ ግቢ ስለ ተስፋ መቁረጥ ያለውን በቀላሉ የማልፈው አይደለም፤ እኔም ልጆች ሲቀሩብኝ አዝናለሁ። ነገር ግን የሚያሰለቸው መሠረታዊው ራሱ ሳይሆን ያለ ተቃውሞ መደጋገሙ ነው። ባዶ አየር ላይ ወገብ ማሸሽን ልጅ ቢጠላው አልፈርድበትም። ያንኑ እንቅስቃሴ በላዩ ከተኛ ሰው ጋር፣ ሰዓት ይዘህ፣ «ከወጣህ ትቀያየራላችሁ» ብትለው ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ይሠራዋል።

ሌላው የጊዜ አመዳደብ ነው። ብዙ ቡድኖች አዲሱንና አደገኛውን ነገር ለመጨረሻ ያቆዩታል፤ ሁሉም ደክሞ፣ ግማሹ ልብሱን ለመቀየር ሲያስብ ነው የሚያሳዩት። መሆን ያለበት ከማሟሟቂያው ቀጥሎ፣ አካልም አእምሮም ትኩስ ሳለ ነው። ነጻ ፍልሚያው ደግሞ ሁሉም በሚያውቀው ይደረግ።

ሣሩን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ጣና ዳር ያለው መሬት በሚያዝያ ድንጋይ ነው፤ ሣሩ የሚሸፍነው ላዩን ብቻ ነው። እዚያ የአያያዝና የመግቢያ ልምምድ፣ መሬት ላይ የሚሠራውንም ሁሉ ሥሩ። ሙሉ ውርወራ ግን ለአዳራሹ ምንጣፍ ይቆይ። ክረምት ላይ ደግሞ ምንጣፉ በእርጥበት ስለሚያንሸራትት በየመካከሉ በደረቅ ጨርቅ ይወልወል፤ እግር ተንሸራቶ የሚጠመዘዝ ጉልበት ሂል ሁክ አያስፈልገውም።

ፔዳ ግቢ

አሠልጣኝ፣ ስለ ተቃውሞ ያሉት አሳምኖኛል። በአንድ ነገር ግን አሁንም ጸንቻለሁ። ሁሉም እስኪደርስ መጠበቅ ካለብን አዲስ ልጅ በገባ ቁጥር ሁላችንም ወደ ኋላ እንመለሳለን። ትንሽ ቡድን ደግሞ አዲስ ልጅ ካልገባበት ይሞታል። ይህ እንዴት ይታረቃል?

አሠልጣኝ ከግሽ ዓባይ

ሁሉም ይድረስ አላልኩም፤ ጥንዱ ይድረስ ነው ያልሁት። የሚተማመኑ ሁለት ሰዎች አንድ ጥግ ይዘው ከፍ ያለውን ይሥሩ፤ ሌሎቹ የራሳቸውን። አዲስ የገባው ልጅ ከነባሩ ጋር ሲገጥም ግን ነባሩ ወደ እሱ ይወርዳል። ያ ለነባሩ ኪሳራ አይደለም፤ ጉልበት ሳይጠቀም፣ በቦታና በጊዜ ብቻ መሥራት የሚማርበት ነው። ጥንዱ የማይመጣጠን ከሆነ፣ ስልክ ላይ የታየው ሁሉ ስልክ ላይ ይቆይ።

ነባር ጁዶኛ

እኔ ግን በዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ። አሠልጣኙ በሌለበት ቀን ጥግ ይዞ አዲስ ነገር መሞከር አይደረግም። አሠልጣኝ ሲኖር ይሁን፤ ሳይኖር የሚያውቁትን ያሻሽሉ።

የሽምብጥ ሠልጣኝ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጽሑፋችሁን አትሜ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው ነው። የመጨረሻው የነባር ጁዶኛ ሐሳብ ግን ሊያጨቃጭቀን ነው፤ አሠልጣኛችን በወር ውስጥ የሚገኘው ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ ጋሼ እንዳሉት ካደረግን ብዙ እንዘገያለን። ለጊዜው የተስማማነው እንዲህ ነው። ቀጥ ያለውን የቁርጭምጭሚት ቁልፍ እሱ ባለበት እንማራለን። እሱ በሌለበት እግርን መያዝና ከእግር ቁልፍ ማምለጥን ብቻ፣ ማጠናቀቂያው ሳይኖር እንሠራለን። ሂል ሁክ ለጊዜው አይነካም። የጉልበት ነገር፣ አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ እግር ተጠላልፎ፣ እጅም ራስን ለመደገፍ ተይዞ ሳለ እንዴት ነው እጅ የሚመታው?

የጉልበት ነገር

ስምምነታችሁ ጥሩ ነው። እጅ ካልተገኘ አፍ አለ። «በቃ» የምትለውን አንዲት ቃል ሁላችሁም አስቀድማችሁ ተስማሙባት፤ ጮክ ተብላ ትነገር፤ የሰማም ወዲያው ይልቀቅ። ነጻ የሆነው እግር ምንጣፉን ሁለት ጊዜ ቢመታም ያው ነው። የያዘው ሰው ደግሞ ምልክት እስኪመጣ አይጠብቅ፤ ቁልፉ መግባቱን ካወቀ እዚያው ቆሞ «ያዝኩህ» ይበል፣ ይልቀቅም። የተያዘው በምንም ምክንያት በኃይል አይገላበጥ፤ ጉልበት የሚቀደደው በብዛት ሰውየው ለማምለጥ በተሳሳተው አቅጣጫ ሲሽከረከር ነው። ይህን ከቁልፉ በፊት ተለማመዱት፤ አንዱ ይያዝ፣ ሌላው ቃሏን ይበል፣ ይለቀቅ፣ ከዚያ ይቀያየሩ።